ኮሎራዶ ውስጥ አጋዘንና ኤልክ ስለማደን በመካከላችን የሚነገሩ ስሕተቶች

በዴንቨርና በአውሮራ ከሚኖረው ወገናችን መካከል በጥቅምትና በኅዳር ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሮኪ ተራሮች ለአደን የሚወጣው ጥቂት ነው፤ መውጣት የሚፈልገው ግን ብዙ ነው። በሠርግ ቤት ወይም ከቅዳሴ መልስ ሰዎች ስለ አደን ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ከአንድ የተሳሳተ ወሬ ይነሣል። አንዳንዱ ወሬ ሰውን ከሚመኘው ነገር ያስቀራል፣ አንዳንዱ ፍርድ ቤት ያቆማል፣ አንዳንዱም ቤተሰብ ያሳምማል። ስለዚህ የሰማኋቸውን በየተራ አነሣቸዋለሁ። የምናወራው ስለ ሁለት እንስሳት ነው፦ ሙል ዲር ስለሚባለው ጆሮ ትልቅ አጋዘን፣ እና ከአጋዘን ወገን ሆኖ ወንዱ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝነው ኤልክ።

«አራት ጓደኛሞች አራት ፈቃድ ከያዝን ማንም ቢተኩስ ያው ነው»

አይደለም። ከስሕተቶቹ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከክፋት የሚመጣ አይደለም። በደቦ ያጨደና በቅርጫ የተካፈለ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን፣ ተኩስ የሚችለው ለማይችለው ቢመታለት መተጋገዝ እንጂ ወንጀል አይመስለንም። በኮሎራዶ ሕግ ግን ፈቃዱ የአንድ ሰው ነው። በፈቃዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ መተኮስ አለበት። እንስሳው እንደወደቀ ከፈቃዱ ጋር የሚመጣውን ምልክት ቀን ጽፎና ፈርሞ ከሥጋው ጋር የሚያያይዘውም እርሱ ነው። በጓደኛ ፈቃድ መግደል፣ ፈቃድ መዋዋስ፣ «ዛሬ የአንተን ነገ የእኔን» መባባል ሁሉ የተከለከለ ነው። የሚያስከትለው ቅጣት በገንዘብ ላያበቃም ይችላል፤ ነጥብ ተቆጥሮ የማደን መብት እስከ መታገድ ይደርሳል።

ታዲያ ጓደኛ ለምን ያስፈልጋል? ሥራው ከተኩሱ በኋላ ስለሚጀምር ነው። አንድ ወንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶ እንኳን ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ሥጋ ሊሰጥ ይችላል፤ የወደቀው ደግሞ መኪና በማይደርስበት ገደል ሥር ሊሆን ይችላል። ዱካ መከተል፣ መግፈፍ፣ በየብልቱ መለየት፣ በጀርባ ተሸክሞ አቀበት መውጣት፣ እንደገና ተመልሶ መጫን፣ ካምፕ ውስጥ እሳት አንድዶ መጠበቅ፤ ይህን ሁሉ ሕጉ ለጓደኛ ይፈቅዳል። ሥጋውንም ለወዳጅ መስጠት ይቻላል። በእኔ እምነት እውነተኛው ደቦ እዚህ ላይ ነው። ብቻዬን ኤልክ ልምታ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደሚሸከምለት ነው።

«አጥርና ምልክት የሌለው መሬት የሁሉም ነው»

በሌሎች አንዳንድ ግዛቶች ባለቤቱ ምልክት ካልተከለ መግባት ይቻል ይሆናል። በኮሎራዶ ግን አጥር ኖረም አልኖረም፣ ምልክት ተተከለም አልተተከለም፣ የግል መሬት ላይ ለማደን የባለቤቱ ፈቃድ የግድ ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነው በብሔራዊ ደንነት የተከለለውና በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ያለው ሰፊ መሬት ነው። ይህን ከግሉ የሚለየው መስመር ብዙ ጊዜ በዓይን ስለማይታይ፣ ድንበር የሚያሳይ ካርታ ከቤት ሳይወጡ ስልክ ላይ መጫን ያስፈልጋል፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። ኤልኮቹም ይህን ድንበር የሚያውቁት ይመስላል፤ ተኩስ ሲበዛባቸው ወደ ግል እርሻዎች ይወርዳሉ። ከሽቦው ማዶ ቆሞ የሚያይህን መንጋ ትቶ መመለስ ከባድ ነው፤ ቢሆንም መመለስ ነው።

«አደን ዘሩን ያጠፋል»

ይህን ከሚሉ ሰዎች ጋር ክርክር ስገጥም በአክብሮት ነው። በአገራችን የዱር እንስሳ ከነበረበት ሲጠፋ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። አሜሪካም በዚያው መንገድ ሄዳ ነበር። ሥጋና ቆዳ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ስለጨረሷቸው፣ በ1900 አካባቢ በመላው ሰሜን አሜሪካ የቀሩት ኤልኮች ከ100,000 ያነሱ ነበሩ። በኮሎራዶም እጅግ ስለመነመኑ በ1910ዎቹ ከየሎውስቶን አካባቢ ኤልኮች በባቡር እየተጫኑ መጥተው ተለቀቁ። ዛሬ በአህጉሩ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አሉ፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለባትም ኮሎራዶ ናት።

ለውጡን ያመጣው በገበያ የሚደረገውን አደን ማቆምና አደንን በቁጥር መገደብ ነው። ግዛቱ በአደን ክልሎች ተከፋፍሏል፤ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱም የመንጋውን ብዛት እያየ በብዙዎቹ ክልሎች ስንት ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ስንቱ ለወንድ ስንቱ ለሴት እንደሚሆን ይወስናል። ገንዘቡም የሚመጣው ከአዳኙ ነው። በ1937 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚጣለው የ11 በመቶ ታክስ ለግዛቶች የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርሻ እንዲሰጥ አድርጓል፤ የፈቃድ ክፍያውም በዚያ ላይ ይጨመራል። ያደኑትን ሥጋ መሸጥ የተከለከለውም ከዚሁ ታሪክ የተነሣ ነው። ለዘመድ ስጡ፤ ለምግብ ቤት ግን አትሽጡ።

«ብርቱካናማው ልብስ እንስሳውን ያስበረግጋል»

አጋዘንና ኤልክ ብርቱካናማን እኛ በምናይበት መልኩ አያዩትም፤ ለእነርሱ የደበዘዘ ቀለም ነው። የሚያስበረግጋቸው እንቅስቃሴ፣ ድምፅና ከሁሉም በላይ ነፋስ የሚወስድላቸው ሽታችን ነው። በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ፣ ከየአቅጣጫው የሚታይ ኮፍያም ማድረግ ግዴታ ነው። ልብሱ የሚለበሰው ሌላው አዳኝ እንዲያየን ነው። የልጆች አባት የሆነ ጓደኛዬ ጃኬቱን አውልቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲቀመጥ ዝም ብዬ አላልፈውም።

«ማንኛውም ጠመንጃ ይሠራል»

ሕጉ ለትልልቅ እንስሳት ዝቅተኛ የጠመንጃ መጠን አስቀምጧል፤ የጥይቱ ስፋት ከ6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፣ ለኤልክ የጥይቱ ክብደት ከ85 ግሬን አያንስም። ስለዚህ በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ባለ 5.56 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ አይፈቀድም። መኪና ውስጥ ሲኬድም የጠመንጃው ቀለህ ማስገቢያ ባዶ መሆን አለበት፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ቆሞ ወይም መንገድ አቋርጦ መተኮስም ክልክል ነው።

«ከደጋ ስለመጣን ከፍታም ብርድም አይበግረንም»

ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያ እየኖረ ሲሆን ነው። ዴንቨር ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኤልክ የሚታደነው ግን ብዙ ጊዜ ከ2,500 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ለዓመታት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። አንድ ሌሊት ቀድሞ ደርሶ ማደር፣ ውኃ መጠጣት፣ ሕመሙ ከባሰ ወደ ታች መውረድ ነው መፍትሔው። ብርዱም ሌላ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በረዶ ሊሆን ይችላል። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይይዝም፤ ስለዚህ ጋቢውን ለካምፕ እሳት ትታችሁ ለእግር ጉዞው ሱፍ ልበሱ።

«ተመትቶ ከሮጠ ስቼዋለሁ»

ሳንባው የተመታ ኤልክ እንኳን ሳይወድቅ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሮጥ ይችላል። ደም አለመታየቱም ማረጋገጫ አይደለም። የቆመበትን ቦታ በዓይን ምልክት አድርጎ መያዝ፣ በችኮላ ሳያሳድዱ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያም ቦታው ድረስ ሄዶ ፀጉር፣ ደምና ኮቴ መፈለግ ግዴታ ነው፤ የቆሰለን እንስሳ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት አለማድረግ ሕግ መጣስ ነው። ከሕጉም በፊት ግፍ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ያልለካ፣ ደረቱን በግልጽ ያላየ ሰው ቃታ አይሳብ። አጠገቡ ያለው ጓደኛም «ተኩስ! ተኩስ!» እያለ አያጣድፈው።

«ቁም ነገሩ ቀንዱ ነው»

የገዳይ ፉከራ ባለበት ባህል ያደግን ስለሆንን ባለ ትልቅ ቀንድ መግደል የሚያኮራ ይመስለናል። የአጋዘንና የኤልክ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደገና የሚበቅል ነው፤ የቅርንጫፎቹ ብዛትም ዕድሜውን በቀጥታ አይናገርም። በብዙ ክልሎች የሚገደለው ወንድ ኤልክ በአንድ ወገን ቢያንስ አራት ቅርንጫፍ ያለው፣ ወይም ከግንባሩ በላይ የሚወጣው ቅርንጫፍ ቢያንስ 5 ኢንች የሆነ መሆን አለበት፤ ይህን በሩቅ ማያ መነጽር ሳያረጋግጡ መተኮስ አይቻልም። ለሥጋ የሚያድን ሰው የሴት ኤልክ ፈቃድ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሥጋዋም ለስላሳ ነው። ቀንዱን ወስዶ ሥጋውን ጥሎ መሄድ ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። ቢያንስ የአራቱ እግሮች ብልቶች፣ ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ ያለው ሥጋና ከውስጥ በኩል ያለው ለስላሳው ሥጋ መወሰድ አለባቸው። እኔ ደግሞ የአንገቱንና የጎድኑን ሥጋ የሚተው ሰው አይገባኝም፤ ለቀይ ወጥ ከዚያ የተሻለ የለም።

«ብርድ ስለሆነ ሥጋው አይበላሽም»

የኤልክ ቆዳ ወፍራም ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የውስጥ ሙቀቱ ታፍኖ በአጥንቱ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ያበላሻል። ወዲያው ሆድ ዕቃው ይውጣ፣ ቆዳው ይገፈፍ፣ ሥጋው ንፋስ በሚያስገባ ከረጢት ጥላ ውስጥ ይሰቀል።

«የዱር ሥጋ ንጹሕ ነው፤ በጥሬው ይበላል»

እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ኤልክ ሣር በልቶ ንጹሕ አየር ቢተነፍስም የሐኪም ምርመራ አላለፈም። ሲገፈፍ ከአንጀቱ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ሊነካው ይችላል፤ በሥጋው ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ይህ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ኢ ኮላይን አይገድልም፤ ሚጥሚጣና አዋዜም እንዲሁ። ክትፎ የምትወዱ ሰዎች ሥጋውን አብስላችሁ በንጥር ቅቤ ብሉት፤ የተፈጨ የአደን ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ቋንጣም ቢሆን ከመድረቁ በፊት እዚያ ሙቀት ይድረስ።

ሙቀት የማይፈታው ሌላ ነገርም አለ። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባለው፣ አጋዘንና ኤልክን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ በመጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ በ1967 ነው። መንሥኤው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ስለሆነ በማብሰል አይጠፋም። እስካሁን ሰው እንደያዘ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የጤና ባለሥልጣናት በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ እንዳንበላ ይመክራሉ። እንስሳው ጤነኛ መስሎ በሽታው ሊኖርበት ስለሚችል፣ በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። ጭንቅላቱን ለምርመራ ማስረከብና ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ለጎረቤት ከማከፋፈል በፊት ውጤቱን ጠብቁ።

የእርሳስ ጥይትም ሲመታ በጥቃቅኑ ተበታትኖ ከቁስሉ ራቅ ያለ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የመዳብ ጥይት መጠቀም ወይም የተመታውን ቦታ በሰፊው ቆርጦ መጣል ልጆችን ይጠብቃል።

«ለሃይማኖተኛ ሰው አይፈቀድም»

አጋዘንና ኤልክ የሚያመሰኩ፣ ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳት ናቸው። በዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል፤ ዘሌዋውያን 17፥13 ደግሞ አድኖ የገደለ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ያዝዛል፤ አብረን የምናድነው ሁላችንም ይህን እናደርጋለን። ሙስሊም ጓደኞቻችን ሲተኩሱ የአላህን ስም ይጠራሉ፤ ሕይወቱ ሳታልፍ ከደረሱበትም ያርዱታል። ጥያቄ ያለበት ሰው የንስሐ አባቱን ወይም ሼሁን ይጠይቅ። ጾሙን በተመለከተ፣ የአደኑ ወቅት ከፈቃድ ጾሙ ከጽጌ ጋር ይገጥማል፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ሥጋው በበረዶ ቤት እስከ ገና ይቆያል፤ ለበዓሉም ይደርሳል።

«ወቅቱ ሲደርስ ፈቃድ ገዝቶ መሄድ ነው»

የአጋዘን ፈቃድና የብዙ ክልሎች የኤልክ ፈቃድ በዕጣ ነው፤ ማመልከቻው በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ተምሮ ካርድ መያዝ አለበት፤ አገር ቤት ወታደር ወይም አዳኝ መሆን ይህን አይተካም። የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ኮሎራዶ ውስጥ ስድስት ወር በተከታታይ መኖር ያስፈልጋል፤ ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ለኤልክ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። የአደን ፈቃድ ማለት ጠመንጃ የመያዝ መብት ማለትም አይደለም፤ የመኖሪያ ወረቀታችሁ ወይም ያለፈ የፍርድ ጉዳይ ጥርጣሬ የሚፈጥር ከሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። ብዙዎቹ የኤልክ አዳኞች በአንድ ወቅት ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱም ከወዲሁ ተስማሙ፤ ለዘንድሮ ያሰባችሁ ካላችሁ ትምህርቱን በበረዶው ወራት ጨርሳችሁ፣ ማን ከማን ጋር በአንድ ማመልከቻ እንደሚገባ ከማርች በፊት ተነጋገሩ።