ኦርጅናል የድሮ መጫወቻና ድጋሚ ምርት፦ እንዴት ይለያሉ?

አዳማ የባቡር ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ለብዙ ዓመት አልፎባታል። ወንጂም ቅርብ ነው። የስኳር ፋብሪካውን ያቋቋሙት ሆላንዶች ስለሆኑ የፈረንጅ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። እኔ ያየኋት የመጀመሪያዋ ኦርጅናል መጫወቻም ከዚያው የመጣች ናት። ወንጂ ይሠራ የነበረው አጎቴ የሰጠኝ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ አረንጓዴ የማችቦክስ (የእንግሊዝ የመጫወቻ መኪና ስም ነው) የጭነት መኪና።

ድጋሚ ምርት ፎርጂድ ማለት አይደለም። ራሱ ኩባንያው ለ25ኛ ወይም ለ35ኛ ዓመት መታሰቢያ ብሎ በድሮው መልክ እንደገና የሚያወጣው ነው። ሆት ዊልስ የሚባለው የመጫወቻ መኪና እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ ወጣ፤ በ1993 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን መኪኖች እንደገና ሠራ። የ1959ኟ ባርቢ አሻንጉሊትም በ1994 ተመልሳ መጣች። ጣጣው የሚመጣው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው። ሳጥኑ ይጠፋል፤ «የድሮ ነው» የሚለው ወሬ ግን አብሮ ይዞራል።

መኪና ከሆነ መጀመሪያ ገልብጡና ሆዱን እዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሆዱ ላይ የተጻፈው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹ የወጣበት እንጂ ዕቃው የተመረተበት አይደለም። ስለዚህ የድሮ ዓመት የተጻፈበት አዲስ መኪና ሞልቷል። ከዓመቱ ይልቅ አገሩ ይናገራል። የእኔዋ ሆድ ላይ «ሌዝኒ፣ እንግሊዝ» ይላል። ሌዝኒ ማችቦክስን የፈጠረው ኩባንያ ነው፤ በ1982 ከሰረ። ምርቱ ከዚያ በኋላ ወደ ማካዎና ወደ ቻይና ሄደ። «ቻይና» የሚል ሆድ ይዞ የ1960ዎቹ ነኝ የሚል ማችቦክስ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ጎማውም ምስክር ነው። የጥንቶቹ ማችቦክሶች ጎማ ብረት ነበር፤ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ጥቁር መጣ። ሆት ዊልስ ጎማ ላይ ያለው ቀይ መስመር እስከ 1977 ቆይቷል፤ የመታሰቢያ ምርቶችም ስለሚደግሙት ግን እሱ ብቻውን አያስተማምንም።

ባርቢ ላይ እግሯን እዩ። የመጀመሪያው እትም አሻንጉሊቶች መቆሚያው ላይ የሚተከሉት በውስጥ እግራቸው ባለው፣ መዳብ በገባበት ቀዳዳ ነበር።

ሳጥኑ ካለ ሥራው ይቀላል። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1974 ነው። ባርኮድ የታተመበት ሳጥን የ1960ዎቹ ሊሆን አይችልም።

አረጃጀቱንም አስተውሉ። ልጅ የተጫወተበት መኪና ቀለሙ የሚለቀው ጠርዝ ጠርዙ ላይና ጣሪያው ላይ ነው፤ ዘንጉም ዝገት ይይዛል። ሆን ተብሎ የተፋቀ ግን የትም ቦታ እኩል ይለቃል።

ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን የአጎቴን መኪና አይቶ «በነጻ ቀለም ልቀባልህ» ብሎኝ ነበር። ከልቡ ነው፤ አመሰገንኩት። ግን አላስነካኋትም። የቀኝ በሯ ጥግ ላይ ብረቱ የወጣበት የጥፍር ያህል ቦታ አለ፤ አሁንም እንዳለ ነው።