የተክል እረፍት ምንድን ነው?

ጥር ላይ ደሴ ውስጥ ቅጠሉን አራግፎ ጭራሮ መስሎ የቆመ የኮክ ዛፍ ሞተ ማለት አይደለም። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ያድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ አርፏል፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ አልቆለታል። የተክል እረፍት የሚባለው ይኸው ነው፤ ብርዱ ወይም ድርቁ ሲጠና ተክሉ ማደጉን ገታ አድርጎ ያጠራቀመውን ምግብ በግንዱና በሥሩ ይዞ ይቆያል። ጽጌረዳና ሎሚ እንደ ኮክ እርቃናቸውን ባይቀሩም አዲስ ቀንበጥ ማውጣቱን ይቀንሳሉ።

ይህን እረፍት ማወቅ የሚጠቅመው መቼ እንደሚገረዝና መቼ ጣሳ እንደሚቀየር ለመለየት ነው። መግረዝም ጣሳ መቀየርም ተክሉን ማቁሰል ነው። ቁስሉ ቶሎ የሚሽረው ደግሞ ተክሉ ከእረፍቱ ሊነቃ ሲል ነው። ምልክቱ የተክሉ ዓይን ናት፤ ቅጠል ከተቀመጠበት ቦታ በላይ ያለችው፣ ቀንበጥ የሚወጣባት ጉብታ። ነፋ ብላ ገና ካልፈነዳች ጊዜው ደርሷል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚለያይ ኮምቦልቻ በ4 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች፣ ተክሏም ቀድሞ ይነቃል። ከዘመድ ቤት ኮምቦልቻ ጥር መጨረሻ ላይ ሲገረዝ ያየ ሰው ደሴ ተመልሶ በዚያው ሳምንት መቀስ ማንሳት የለበትም። ደሴ የካቲት አጋማሽን አልፎ፣ ውርጩ ሲለቅና በልግ ሲቃረብ ይሻላል።

ደሴ ላይ ብዙ ተክል የሚጎዳው ክረምቱ ወጥቶ ግቢ ሲጸዳ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በሚደረግ ገረዛ ነው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ በሁለት ሦስት ሳምንት ለስላሳ፣ ውሃ የሞላው ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡም ቀጥታ ከውርጭ ጋር ይጋጠማል። ጠዋት ሲያዩት የተቀቀለ ጎመን ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ከጦሳ ተዳፋት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሚተኛ ጉድጓዳማ ግቢ ያለው ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ኮምቦልቻ ላይ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቅጠሉ የተራቆተ የሎሚ ወይም የብርቱካን ግንድ ቅርፊቱ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃልም። የግድ መቁረጥ ካለ ግንዱን በውሃ የቀጠነ ኖራ መቀባት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለሁለቱም አይሆኑም፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ሻጋታ ይገባበታል። የሞተ፣ የተሰበረና የታመመ ቅርንጫፍ ግን ወቅት አይጠበቅለትም።

አቆራረጡ፦ ወደ ውጭ ካየች ዓይን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ ወደ ዓይኗ እንዳይወርድ አዘንብሎ። ራቅ ካለ የተረፈው ጉቶ ይደርቃል፣ ከቀረበ ዓይኗ ትሞታለች። በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይነሳ። ጽጌረዳ በአዲስ ቀንበጥ ስለሚያብብ አይራራለትም፤ ኮክ ግን ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት በወጣው ቅርንጫፍ ነው፤ ያንን ሁሉ ጠርጎ መቁረጥ የዘንድሮውን ኮክ መቁረጥ ነው። መቀሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዛወሩ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ይጥረጉት፤ በኋላ አለቅልቀው ዘይት ካልነኩት ይዝጋል።

ጣሳ መቀየሩም ይህንኑ ወቅት ይከተላል፤ ከባድ ገረዛ ካለ ግን በመካከሉ ሦስት ሳምንት ይለፍ። ሥር በቀዳዳው ከወጣ፣ ወይም የጠጣው ውሃ በጎን ሾልኮ ወዲያው ከፈሰሰ ጠቦታል። አዲሱ ዕቃ በየጎኑ ሁለት ጣት ብቻ ይስፋ። «ያድግበታል» ተብሎ ችግኝ ትልቅ በርሜል ውስጥ ሲገባ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥቡን ይዞ ይቆይና ሥሩን ያበሰብሳል። የዘይት ጣሳ ከሆነ ከታች አምስት ስድስት ቦታ በሚስማር ይበሳ። ከታች ጠጠር መደርደር ውሃ ያወርዳል የሚባለው አይሠራም፤ የረጠበውን አፈር ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። መረሬ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይደባለቅ።

ዋዜማውን ያጠጡና በማግስቱ ያውጡት። ዙሪያውን የተጠማዘዘውን ሥር በጣት ፈታ ያድርጉ፣ እምቢ ያለውን ይቁረጡ። ቡጋንቪላ ግን ሥሩ ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩን ሳይበትኑ እንዳለ ያዛውሩት። ግንዱ ከቀድሞው በላይ አይቀበር። ከታች እስኪወጣ ያጠጡና አሥር ቀን ጥላ ሥር ያቆዩት፤ ዩሪያ ለአንድ ወር አይታሰብ።

ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ከሆነ ሥሩ እየያዘ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ጠዋትም ከጠወለገ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ውሃ መጨመር ይብስበታልና አውጥተው የጠቆረውንና የላላውን ሥር ይቁረጡ፣ በደረቅ አፈር አነስ ባለ ጣሳ መልሰው ይትከሉት።