«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»፦ ጌታው ማን ነው?

ይህን አባባል መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ፣ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ሜዳችን እሱ ነበር፤ የከዚራም የመጋላም ልጅ እዚያ ይገናኛል። የገና ሰሞን ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልገን፣ ከጨርቅ ሩር ጠቅልለን ስንራኮት፣ አብሮን ይጫወት የነበረ አንድ ጎልማሳ ቁርጭምጭሚቱን ተመታ። መቺው እኔ ነበርኩ። ልሮጥ ስል ሰውዬው እግሩን እያሻሸ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ!» አለና ሩሯን ወደ እኔ መለሳት።

በሌላው አገር አባባሉ በአብዛኛው «አይቆጡም» እየተባለ ነው የሚነገረው። እኛ የድሬና የሐረር ሰዎች አንቱታ አናውቅም ተብለን እንታማለን። ሐሜቱ እውነት አለው፤ ሽማግሌውንም በፍቅር «አንተ» እንላለን። እናም ጌታውንም «አይቆጣም» አልነው። ይህች የአንድ ፊደል ልዩነት ግን አባባሉን ለሁለት ትከፍለዋለች።

«አይቆጡም» ሲባል ጌታው ሰው ነው፤ ሎሌ የሚያሳድር፣ መሬት ያለው፣ በሌላው ቀን ስሙ ሲነሳ የሚፈራ። የገና ዕለት እሱም ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። ወገን ከወገን፣ መንደር ከመንደር ተከፍሎ ሩሯን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ለማድረስ ሲታገል ጌታና ሎሌ አይለይም፤ የሎሌው ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ካሣ የለም፣ ቂምም የለም። ያሸነፈው ወገን «አሲና በል አሲና ገናዬ» እያለ የተሸናፊውን አለቃ በግጥም ይሰድበዋል፤ አለቃውም ቆሞ ይሰማል። ግሱን ደግሞ ልብ በሉት። «አይቆጡም» ለ«እሳቸው»ም ለ«እርስዎ»ም ይሆናል። ሎሌው ስለ ጌታው ለሌላ ሰው ሲያወራም፣ ጌታው ፊት ቆሞ «እርስዎ ዛሬ አይቆጡም» ሲለውም ቃሉ ያው ነው። ሲያመሰግነው ያስረዋል።

ይህ መብት በመስቀል ወይም በጥምቀት ሳይሆን በገና ለምን ተሰጠ? አባቶች የሚተርኩት የጨዋታውን መነሻ ከእረኞች ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው፣ የልደቱን ዜና መልአኩ መጀመሪያ የነገራቸው ሌሊት መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች ነበር፤ እነሱም ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። እኔ ግን ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል እላለሁ። ያ ሕፃን የተኛው በግርግም ነው፣ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው»። የሰማይና የምድር ጌታ እንዲህ ዝቅ ባለበት ቀን፣ የመንደር ጌታ በቅልጥሙ ሰበብ ምን ብሎ ይቆጣል? አባባሉ «ጌታ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ያናግረዋል፤ ሰሙ ባላባቱ ነው፣ ወርቁ ክርስቶስ። ለእኔ ወርቁ ከሌለ ሰሙም ትርጉም የለውም።

የኛው «አይቆጣም» ላይ ችግር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እግዚአብሔርንም «አንተ» ስለምንለው፣ ሰው አባባሉን «ፈጣሪ በገና ምንም ብናደርግ አይቆጣም» ወደሚል ፈቃድ ይለውጠዋል። ሰክሮ ለሚያድር፣ ያለውን ሁሉ ለአንድ ቀን ግብዣ አራግፎ ልጆቹን ጥር ላይ ለሚያስርብ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፤ ያመኛል። አባባሉ የሚናገረው ስለ ጌታው ትሕትና ነው፣ ስለ ተጫዋቹ ልቅነት አይደለም። በጨዋታውም ቢሆን ይቅር የሚባለው ሩሯን ሲያሳድድ የሳተ ዱላ ነው። ሩሯን ትቶ ሰው ቅልጥም ላይ ያነጣጠረማ ተጫዋች አይባልም።

ድሬ ላይ ታኅሣሥ ሲመጣ ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ከተማውን ይሞላል፤ ከዚያ ገና እስኪገባ፣ እስከ 29 (በዘመነ ዮሐንስ እስከ 28)፣ ከአሥር ቀን አይበልጥም። በእነዚያ ቀናት ገበያው የፕላስቲክ ዛፍ፣ መብራትና ቀይ ቆብ ነው፤ በረዶ አይታ በማታውቅ ከተማ ዛፉ ላይ ጥጥ እንበትናለን። መብራቱን አልጠላውም፣ ልጆቼም ይወዱታል። ግን አምና በተጠራሁበት አንድ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የተወለደውን ስም አንድ ሰው አላነሳም። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው ጾም ለዶሮው ብቻ የተጾመ መሰለኝ።

እናቴ ቤት እንዲህ አይደለም። ከሌሊት ቅዳሴ ተመልሰን ድፎው ሳይቆረስ፣ ትንሹ ልጅ የሉቃስን ምዕራፍ ያነባል፤ ሲደናቀፍ ማንም አይቸኩልበትም። ከዚያ እናቴ ራሷ ተነስታ እጅ ታስታጥባለች፣ መጀመሪያም በቤት ሥራ የምታግዛትን ልጅ። አምና አዲስ የመጣችው ልጅ ደንግጣ ማስታጠቢያውን ልትቀማት ስትል፣ ዓመቱን ሙሉ ማንንም አንቱ ብላ የማታውቀው እናቴ «ኧረ ይቀመጡ! ዛሬ እርስዎ ነዎት እንግዳዬ» አለቻት። ልጅቷ እጇን ዘረጋች።