«ዓይነ ስውር እኛ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ድረ ገጽ የማስተዳደር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ስለ ተደራሽነት ባወራሁ ቁጥር የምሰማቸው መልሶች ይመሳሰላሉ። ተደራሽነት ስል ማየት፣ መስማት ወይም እጁን እንደልብ ማንቀሳቀስ የሚቸገር ሰው ገጻችንን ያለ ሌላ ሰው እርዳታ መጠቀም መቻሉን ነው። መልሶቹ ከክፋት የሚመጡ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን ነገሩን ከቅርብ አላየነውም። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እያነሳሁ፣ እውነታውን የማውቀውን ያህል ላስረዳ።

«ዓይነ ስውራን ኢንተርኔት አይጠቀሙም»

ይጠቀማሉ። ስልካቸው ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል። ይህን የሚያደርገው ፕሮግራም ስክሪን ሪደር ይባላል። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ቶክባክ አብሮ ይመጣል። ለኮምፒውተር ኤንቪዲኤ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው። ሌላው ዓይነ ስውር ጄምስ ቴ ብዙም ሳይቆይ ተቀላቀለው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፣ ለጆሮ አይጥምም። የለመደው ሰው ግን እኔ በዓይኔ ከማነበው በላይ አፍጥኖ ያዳምጠዋል።

እነዚህ አንባቢዎች እነማን ናቸው? የትነበርሽ ንጉሴን አስቡ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለች። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚመረቁ ዓይነ ስውራን ሥራ ይፈልጋሉ፣ ዜና ያነባሉ፣ ዕቃ ይገዛሉ። እንደማንኛችንም።

«የኛ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ችግር የለበትም»

በአማርኛ ገጾች ላይ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ጽሑፍ ነው የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ጽሑፍ አይደለም።

የሕግ ባለሙያ የሆነ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ያወጣል። ማስታወቂያው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ ስካን ተደርጎ በፎቶ ተለጠፈ። የጓደኛዬ ስልክ ከዚያ ሙሉ ገጽ ያነበበለት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ምስል»። የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ የምዝገባው ቀን አለፈ።

ፎቶው ይቅር አልልም። ማህተሙ መታየት አለበት ከተባለ ይታይ። ግን ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት በዎርድ ተጽፏል አይደል? ያንኑ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ ከፎቶው ሥር ማስቀመጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኔትወርክ የደከመበት ሰውም ጽሑፉ ቶሎ ይከፈትለታል። ጎግል ላይ የሚፈልግም ያገኘዋል። ፎቶ ውስጥ የተቀበረ ማስታወቂያ ግን ለፍለጋም አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የድሮ ፎንቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለዓይን «ሰ» ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የሆነ የላቲን ምልክት ነው። በእነዚያ ፎንቶች የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ዛሬም በየገጹ አለ። ስክሪን ሪደር ሲያነበው የሚወጣው ምንም ቋንቋ ያልሆነ ጩኸት ነው። ፒዲኤፋችሁን ለመፈተሽ ከውስጡ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ከተዝረከረከ እንደገና መዘጋጀት አለበት።

ሦስተኛው በዓይን የማይታይ ነው። በገጹ ኮድ መጀመሪያ ላይ የገጹን ቋንቋ የሚናገር አንድ ቃል አለ። ብዙ የአማርኛ ገጾች በተዘጋጀ ቴምፕሌት ስለሚሠሩ ቃሉ «እንግሊዝኛ» እንዳለ ይቀራል። ስክሪን ሪደሩ ያንን አምኖ በእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛውን ሊያነብ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ፊደላችንን ይዘለዋል ወይም ትርጉም የሌለው ነገር ያወራል። ወርድፕረስ የተባለውን የገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የገጹን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ ነው። አለቀ። ይህን ሳላውቅ የሠራኋቸውን ገጾች ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

«ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል»

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2000ው የሲድኒ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ስውር የኦሊምፒኩን ድረ ገጽ ማንበብ አልቻለም። ለአገሩ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤት አለ። አዘጋጅ ኮሚቴው ገጹን ለማስተካከል አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 368 ቀን ይፈጅበታል፣ ወጪውም ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። የማጓየር ባለሙያዎች ግን አንድ ልምድ ያለው ሰው ከጥቂት ረዳቶች ጋር በአራት ሳምንት ይጨርሰዋል አሉ። ኮሚሽኑ ለማጓየር ፈረደ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ስላልተስተካከለም ኮሚቴው 20,000 ዶላር ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት።

በእኔ ልምድ የሚወደደው ሥራው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ገጹ ሲሠራ ጀምሮ ከታሰበበት ለፎቶ መግለጫ መጻፍ፣ ለቁልፎች ስም መስጠት፣ ርዕሱን ፊደሉን በማግዘፍ ብቻ ሳይሆን በትክክለኛው የርዕስ ኮድ ማስቀመጥ የዕለት ሥራ አካል ይሆናል። አምስት ዓመት የተጠራቀመ ሺህ ፎቶ ላይ ተመልሶ መግለጫ መጻፍ ግን እውነትም ያደክማል።

«አንድ ፕለጊን ከጫንን ይበቃል»

አይበቃም። ፕለጊን የምንለው ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያለ ምርት የሚሸጠውን አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የሚያደርግ ትእዛዝ ይፋ አደረገ። ክሱ ኩባንያው ምርቱ ማንኛውንም ገጽ ዓለም አቀፉን የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርት (WCAG) እንዲያሟላ ያደርጋል ብሎ ደንበኞችን አሳስቷል የሚል ነበር። ፕለጊን ፊደል ሊያጎላ ወይም ቀለም ሊቀይር ይችላል። ስካን ላይ ያለው ማህተም ስለ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቀው ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ነው።

«ተደራሽ ገጽ አያምርም»

መስፈርቱ የሚጠይቀው ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም በብርሃን መጠን ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለይ ነው። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ይወድቃል፣ ጥቁር ያልፋል። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2025 የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የመጀመሪያ ገጽ ሲፈትሽ ይህ ጉድለት ከ100 ገጾች 79ኙ ላይ ተገኝቷል። በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ተራ ቆሞ ስልኩን የሚያነብ ሁሉ ጉዳቱን ያውቀዋል።

«ጉዳዩ የዓይነ ስውራን ብቻ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ሰው አንዱ፣ ወደ 1.3 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገልጻል። መስማት የተሳነው ሰው ቪዲዮአችሁ ላይ ጽሑፍ ከሌለ የሚያየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማውዝ አይዝም፤ በኪቦርድ ነው የሚሄደው። ማውዛችሁን ንቀሉና በታብ ቁልፍ ብቻ ገጻችሁን ዙሩት። የት እንዳላችሁ ከጠፋባችሁ እሱም እዚያው ጠፍቶበታል።

«እኛ አገር ሕግ የለም»

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ይጠራል። አውሮፓ ሆናችሁ ኦንላይን የምትሸጡ ደግሞ፣ በጣም ትናንሽ አገልግሎት ሰጪዎች ካልሆናችሁ በቀር፣ የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ይመለከታችኋል።

«እስካሁን ማንም ቅሬታ አላቀረበም»

ይህን እኔም ብዬዋለሁ። ያን የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬን የማስተዳድረውን ገጽ አብረን እንድንፈትሽ ቢሮ ጠራሁት። አስተያየት መስጫውን ከፈተ፣ ጥቂት መስመር ጻፈ። የመላኪያው ቁልፍ የወረቀት አውሮፕላን ሥዕል ብቻ ነበር፤ ስም አልሰጠነውም። አጠገቡ ያለው የሚሰርዘው ቁልፍም ስም የለውም። ስልኩ ሁለቱንም «ስም የሌለው ቁልፍ» ብሎ አነበባቸው።

«አምና ሁለት ጊዜ ጽፌላችሁ ነበር» አለኝ። «የትኛው እንደሚልክ ስላላወቅሁ አንዱን ገምቼ ነካሁ።»

የአምናውን መልእክቶች ከፍተን አንድ በአንድ አየን። የሱ የለም።