የነርስ አኔስቴዢያ ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅና ዝግጅቱ

በአሜሪካ ሕመምተኛን ለቀዶ ሕክምና የሚያስተኙት የሰመመን ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ለዚሁ ሥራ ለብቻው የሠለጠኑ ነርሶች፣ ማለትም ነርስ አኔስቴቲስቶችም አሉ። ማዕረጋቸው በአጭሩ ሲአርኤንኤ ይባላል። በተለይ በብዙ የገጠር ሆስፒታሎች ሰመመን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ወደ ሙያው ለመግባት የሚፈልግ ነርስ ማመልከቻው ካለፈለት በኋላ ከመምህራን ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቃለ መጠይቅ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው የትናንት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አሊስ ማጎ የተባለች ነርስ በሚኒሶታው ማዮ ክሊኒክ ኤተርና ክሎሮፎርም የተባሉትን የሰመመን መድኃኒቶች ትሰጥ ነበር። በ1906 ባሳተመችው ጽሑፍ ከ14,000 በላይ ሰዎችን አስተኝታ በሰመመኑ ምክንያት አንድም ሰው እንዳልሞተ ገልጻለች። በ1931 አጋታ ሆጅንስ የነርስ አኔስቴቲስቶችን ብሔራዊ ማኅበር መሠረተች። ሲአርኤንኤ የሚለው ማዕረግ ሥራ ላይ የዋለው በ1956 ነው። “ስለ ሙያው ምን ታውቃለህ?” ተብሎ ለሚጠየቅ አመልካች ይህን ያህል ማወቅ አይበዛበትም።

ለማመልከት በነርሲንግ ወይም በተገቢ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የጸና የነርስነት ፈቃድ እና ቢያንስ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ የጽኑ ሕሙማን ሥራ ልምድ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ዝቅተኛው ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ይዘው ይመጣሉ። ሲሲአርኤን የተባለውን የጽኑ ሕሙማን ነርሶች የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ተማሪ የሚገባው በዶክትሬት ደረጃ ብቻ ነው። ትምህርቱ ቢያንስ 36 ወር ይፈጃል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 600 ሕመምተኞችን ማስተኛትና 2,000 የክሊኒክ ሰዓት መሙላት አለበት። ጠያቂዎቹ አመልካቹን የሚያዩት ይህን ሸክም ይችለዋል ወይ በሚል ዓይን ነው።

ቃለ መጠይቁ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ክሊኒካዊ እውቀት ብቻ ነው። ሌላው መድኃኒት ሳይጠቅስ ስለ ጠባይና ስለ ሰው አያያዝ ብቻ ይጠይቃል። ሁለቱን የሚቀላቅሉት ግን ብዙ ናቸው። ከመምህራኑ ጎን በሥራ ላይ ያሉ ሲአርኤንኤዎች፣ አልፎ አልፎም ነባር ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ኤምኤምአይ በሚባለው ስልት አመልካቹ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በየጣቢያው ለጥቂት ደቂቃ አንድ ጉዳይ ይቀርብለታል። የጽሑፍ ፈተና ወይም የመድኃኒት ሒሳብ የሚጨምሩም አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራ የዚያን ትምህርት ቤት ልማድ ማጣራት ነው። ትምህርት ቤቱ ለአመልካቾች ገለጻ ካዘጋጀ መቅረት አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥሪው ሲደርሰው ወፍራም የአኔስቴዢያ መጽሐፍ ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ ይሸመድዳል። ጠያቂዎቹ ግን ሰመመን መስጠት የሚችል ሰው እየፈለጉ አይደለም፤ እሱን ራሳቸው ያስተምሩታል። የሚፈልጉት በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ለምን እንደሚሠራው የሚያውቅ ነርስ ነው። ከአዲስ መጽሐፍ ይልቅ በየፈረቃው የሚሰጧቸውን መድኃኒቶች ጠለቅ ብሎ ማጥናት ይበልጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ “በኢንፌክሽን ምክንያት ሾክ ውስጥ የገባ (የደም ዝውውሩ የተዳከመ) ሕመምተኛ አለሽ። ፈሳሽ ተሰጥቶታል፣ አማካይ የደም ግፊቱ ግን 52 ነው። ምን ታደርጊያለሽ?” ነርሷ “ኖርኤፒኔፍሪን አስጀምራለሁ፤ ግፊቱ ቢያንስ 65 እንዲደርስ እፈልጋለሁ” ትላለች። ኖርኤፒኔፍሪን የደም ግፊት የሚጨምር መድኃኒት ነው። መልሷ ትክክል ነው፣ ግን ገና መነሻው ነው። “ለምን እሱን?” የደም ሥሮቹ ስለሰፉ፣ መድኃኒቱም በአልፋ 1 ሪሴፕተር (መድኃኒት ተቀባይ የሕዋስ ክፍል) በኩል ስለሚያጠባቸው፣ በቤታ 1 ደግሞ ልብን በመጠኑ ስለሚያግዝ። “በእሱ ፋንታ ፊኒሌፍሪን ብትሰጪስ የልብ ምቱ ምን ይሆናል?” ፊኒሌፍሪን የሚሠራው በአልፋ 1 ላይ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲጨምር የደም ግፊትን የሚከታተሉት ባሮሪሴፕተሮች ይነቁና የልብ ምቱ ይቀንሳል። “ኖርኤፒኔፍሪኑ እየጨመረ ሄዶ አልሠራም። አሁንስ?” እዚህ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሌላ ግፊት ጨማሪ መድኃኒት ይመጣል። በሌላ ሪሴፕተር፣ በቪ1 በኩል ስለሚሠራ። የደሙ አሲድ መብዛቱም የኖርኤፒኔፍሪንን ጉልበት እንደሚቀንስ ታነሳለች።

አንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ የሚያቆመው አመልካቹ የማያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ ነው። ሆን ተብሎ ነው የሚደረገው። እዚያ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል ማየት ይፈልጋሉ። “ይሄን አላውቀውም፤ ከማውቀው ተነስቼ ግን እንዲህ ይመስለኛል” የሚል ሰው ያስደስታቸዋል። እየገመተ በድፍረት የሚናገር ያስፈራቸዋል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳያውቅ የሚያውቅ የሚመስል ሰው ሕይወት ያጠፋልና። እኔ ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም፦ ጮክ ብሎ ማሰብን ተለማመዱ።

የሚደጋገሙት ርዕሶች ይታወቃሉ። ከማስተኛ መድኃኒቶች ፕሮፖፎል በጋባ ሪሴፕተር ላይ፣ ዴክስሜዴቶሚዲን በአልፋ 2 ላይ እንዴት እንደሚሠሩ፤ ኬታሚን ከእነሱ በምን እንደሚለይ። ጡንቻ የሚያላላው ሱክሲኒልኮሊን ፖታሲየም ከፍ ላለበት ሕመምተኛ ለምን አደገኛ እንደሆነ። የደም ጋዝ ውጤት ማንበብም አይቀርም፦ ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 እስከ 45፣ ባይካርቦኔት ከ22 እስከ 26። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ፒፕ፣ ማለትም በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባ ውስጥ የሚቆየው ግፊት፣ ሲጨመር የደም ግፊት ለምን ሊወርድ እንደሚችል፣ ኤአርዲኤስ በተባለው ከባድ የሳንባ ጉዳት ለተያዘ ሰው የትንፋሽ መጠን በኪሎ ወደ 6 ሚሊ ሊትር የሚደረገው ለምን እንደሆነ፣ ኪሎውም ሚዛን ላይ የታየው ሳይሆን ከቁመት የሚሰላው መሆኑ። ልብ ሲቆም የሚደረገው ደግሞ ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሷችሁ እንኳ የምትመልሱት መሆን አለበት።

ስለ ጠባይ የሚጠየቀው ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጎበዝ ነርስ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። “ከሐኪም ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን።” “የሠራኸው ስህተት ምንድን ነው?” “ባልደረባህ መድኃኒት ሲሰርቅ ብታይስ?” የመጨረሻው እንዲሁ የመጣ ጥያቄ አይደለም። ኃይለኛ ሱስ አስያዥ መድኃኒቶች በእጃቸው ስለሆኑ፣ ሱስ በሰመመን ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ የሙያ አደጋ ነው። እዚህ ጋ መልሱ ወላዋይ መሆን የለበትም፦ ሕመምተኛው እንዳይጎዳ ማድረግ፣ ወዲያው ለሚመለከተው ማሳወቅ፣ ባልደረባውም እርዳታ እንዲያገኝ ማድረግ።

ስለ ራስ ማውራት ነውር እየመሰለን ላደግን ሰዎች ሌላ ፈተና አለ። የሠራነውን ሁሉ “እንዲህ አደረግን፣ እንዲህ አየን” እያልን በ“እኛ” እናወራለን። ጠያቂው ግን አመልካቹ ራሱ ምን እንዳደረገ አይገባውም። “ግፊቱ መውረዱን አየሁ፣ ሐኪሙን ጠራሁ፣ እሱ እስኪመጣ ይሄን አዘጋጀሁ” ማለት ጉራ አይደለም። የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ነው። አራት አምስት እውነተኛ ታሪኮችን ከፈረቃ ትዝታ አውጥቶ ጮክ ብሎ መለማመድ ይበቃል። ቃል በቃል መሸምደድ ግን ያስነቃል።

“ለምን ሲአርኤንኤ?” የማይቀር ጥያቄ ነው። ገንዘቡን የሚጠራ መልስ አያስኬድም፤ “ሰው መርዳት እወዳለሁ” ማለትም ባዶ ነው፣ ነርስ ሁሉ ይረዳልና። መልሱን የሚሰጠው አንድ ሲአርኤንኤን በሥራ ቦታ ተከትሎ መዋል ነው። ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት የሚጠየቀውን፣ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ፣ በመሃል ግፊቱ ሲዋዥቅ፣ መጨረሻ ላይ ሲነቃ ያየ ሰው የሚለው አያጣም። ያየውንም መዝግቦ መያዝ አለበት፤ “የትኛው ቀን ገረመህ?” ይሉታል።

ስለ ኑሮም ይጠይቃሉ። በትምህርቱ ጊዜ ሥራ መሥራት በአብዛኛው አይቻልም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም አይመክሩም። ሦስት ዓመት ያለ ደመወዝ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ልጅ ካለ ማን እንደሚይዝ፣ ጭንቀት ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር የተነጋገረ አመልካች ሲመልስ ይታወቃል።

በቀኑ ሙሉ ልብስ ይለበሳል፣ ቀደም ብሎ ይደረሳል። በቪዲዮ ከሆነ ካሜራውና ድምፁ በዋዜማው ይሞከራል። በር ላይ የሚቀበለውን ጸሐፊና አብረው የሚጠብቁትን አመልካቾች በአክብሮት መያዝም ያስፈልጋል፤ ያም ይታያል። መጨረሻ ላይ “ጥያቄ አለህ?” ሲባል ተማሪዎች የት የት ሆስፒታል እንደሚለማመዱና ተመራቂዎች የሚወስዱት የብሔራዊ ፈተና የማለፍ መጠን ስንት እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ውጤቱ ተቀባይነት፣ ተጠባባቂነት ወይም “በዚህ ዙር አልሆነም” ነው። ተጠባባቂ የሆነ ሰው ስልኩን መዝጋት የለበትም፤ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የሚጠራ አለ። ያልተቀበሉት ደግሞ በትህትና ጽፎ የጎደለውን ይጠይቅ። የሚመልሱ ትምህርት ቤቶች አሉ። የጎደለው አንድ የኬሚስትሪ ኮርስ፣ ከባድ ሕመምተኞች ወደሚታከሙበት ክፍል መዛወር ወይም ሲሲአርኤኑን ማለፍ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ማመልከቻም ከላይ የሚጻፈው እሱ ነው።