ተጋላጭነት ምንድን ነው? ዝናቡን ትታችሁ ሸራውን ቁጠሩ

ኅዳር ላይ ጅማ ከተማ ውስጥ በተጠራ አንድ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ተናጋሪው የአገሪቱን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራው፤ ቦረና ቀልቷል፣ ጅማ አረንጓዴ ሆኗል። «እንደምታዩት የእኛ ዞን ለአየር ንብረት ለውጥ ተጋላጭ አይደለም፤ ዝናብ አናጣም» አለና ወደሚቀጥለው ካርታ አለፈ። በዚያው ሰዓት የአዳራሹን ቆርቆሮ ዝናብ ይደበድበው ነበር። ከተሰብሳቢው መካከል ቡና ያሰጣ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቤቱ መደወል ጀመረ። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

ካርታው የዝናብ ካርታ ነው። ርዕሱ ግን «የተጋላጭነት ካርታ» ይላል። ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ መጀመሪያ ያየሁት በራሴ እጅ እንደሆነ ግን አልረሳም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሪፖርት እንዲህ ያለ ካርታ ሠርቼ፣ ይኸንኑ ርዕስ ሰጥቼ አስረክቤአለሁ። አርም ብሎ የመለሰልኝ አልነበረም። አሁን የሚያናድደኝ ምናልባት ይኸው ይሆናል።

የጥፋቱ እኩሌታ የቃሉ ነው። «ተጋለጠ» ከ«ገለጠ» የመጣ ነው፤ መሸፈኛው ተነሣ፣ ገላጣ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ «ተጋላጭነት» ስንል ጆሯችን የሚሰማው ሜዳ ላይ መገኘትን ነው። በሙያችን፣ በአየር ንብረት ለውጥ ጥናት፣ ግን ሜዳ ላይ መገኘት አንድ ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ሲገኙ በቀላሉ መጎዳት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል እየጠራን ስንግባባ የኖርን ይመስለናል። አንዳንድ ሰው ሁለተኛውን «ተጎጂነት» ይለዋል። አልወደድሁትም፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰው ያስመስላል፣ እኛ ደግሞ የምንናገረው ገና ስላልደረሰ ጉዳት ነው። የተሻለ ቃል ስላላገኘሁ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን «መጋለጥ»፣ ሁለተኛውን «ተጋላጭነት» እያልሁ እለያቸዋለሁ።

ነገሩን በእኛው ጓሮ እንየው። ሁለት ጎረቤታሞች እሸት ቡና ለቅመው ሽቦ አልጋ ላይ አስጥተዋል። እሸቱ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይፈልጋል። ደመና መጣ። ዝናቡ አደጋው ነው፤ ለሁለቱም እኩል ይወርዳል። ቡናው ውጭ አልጋ ላይ መዋሉ መጋለጥ ነው፤ በዚህም እኩል ናቸው። የተናጋሪያችን ካርታ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። የአንደኛው ቡና ግን ትናንት የተሰጣ ነው፤ የሌላዋ ሊከተት ሁለት ቀን የቀረው፣ ሲያገላብጡት የሚንኳኳ ነው። ደርቆ የነበረ ጀንፈል እንደገና ከራሰ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ የሳምንታት ልፋት በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። ይህ በሙያው ስሱነት ይባላል። ከዚያ ደግሞ ጥያቄው ሸራ አለ ወይ፣ ሸራውን የሚጎትት እጅስ ቤት ውስጥ አለ ወይ ይሆናል። ይህ አቅም ነው። ተጋላጭነት የሚኖረው ስሱነቱና የአቅም ማጣቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። በዝናቡ መጠን ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ምሳሌውን ትንሽ ልጎትተው። ሸራ ያለው ሰው ሦስት ልጆች አሉት፤ ደመናው ሲመጣ ግን ሦስቱም ትምህርት ቤት ናቸው። ሸራ የሌላት መበለት ደግሞ የራሳቸውን ሸፍነው ወደ እሷ የሚሮጡ አራት ጎረቤቶች አሏት። ከሁለቱ ተጋላጩ ማን ነው? ሦስተኛው ሰው ጭራሽ አያሰጣም፤ እሸቱን በለቀመበት ቀን ይሸጣል። ለዝናቡ አልተጋለጠም፤ ለዋጋው ግን ራቁቱን ቆሟል፤ እሸት ቡና ማደር አይችልም፣ ገዢውም ይህን ያውቃል። አራተኛው ሸራውን ራሱ ከነጋዴ በዱቤ ወስዶታል፤ ጀንፈሉ ገና ሳይደርቅ ዋጋው ተቆርጧል። ቡናውን ሸራው ይጋርደዋል፤ ሰውየውን ከዕዳው የሚጋርደው ነገር የለም።

ምሳሌው መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዝናብ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ የአሥርት ዓመታት። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ሸራ ይበጣጠሳል፣ ልጆች ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ መበለቷ ታረጃለች፣ መንገድ ይሠራል፣ ማድረቂያ መኪና ይገባ ይሆናል። የሙያ ባልደረቦቼ ግን የ2050ዎቹን ሙቀት ወስደው ዛሬ ባለው የሸራ ቁጥር ላይ ይጭኑታል፤ ውጤቱንም «የወደፊቱ ተጋላጭነት» ይሉታል። የነገን ዝናብ በዛሬ አልጋ ላይ ማዝነብ ነው። ሌላ መረጃ ሲጠፋ ይደረጋል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሲደረግ ግን መነገር አለበት።

ቃሉን ያወዛገበው የእኛ ቋንቋ ብቻ እንዳልሆነ ለፍትሕ ያህል ልናገር። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ሸንጎ፣ በምሕጻሩ አይፒሲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው አራተኛ ሪፖርቱ መጋለጥን፣ ስሱነትንና የመላመድ አቅምን አንድ ላይ አድርጎ ተጋላጭነት ብሎ ነበር። በ2012 ስለ ከባድ የአየር ክስተቶች ባወጣው ልዩ ሪፖርትና በ2014ቱ አምስተኛ ሪፖርት ግን መጋለጥን ከውስጡ አወጣው። ተጋላጭነት የመጎዳት ዝንባሌ ብቻ ሆነ፤ አደጋ፣ መጋለጥና ተጋላጭነት ሲገናኙ የሚወለደው ደግሞ ስጋት ተባለ። የዝናቡን ካርታ በአሮጌው ቀመር ብናስገባው ከሦስቱ ክፍል አንዱን፣ እሱንም በከፊል፣ ይሞላል። በአዲሱ ቀመር ተጋላጭነት ውስጥ የሚገባበት በር እንኳ የለውም። ይህ ሁሉ ሆኖ የ2007ን ትርጉም የተከተለ ጥናትና የ2014ን የተከተለ ጥናት በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ተሰልፈው ሲነጻጸሩ አያለሁ።

ወደ «ዝናብ አናጣም» ልመለስ። ቦረናን ከጅማ ጋር ማወዳደር ከተፈለገ እናወዳድር። ቦረና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል፤ የደረሰውን እልቂት ማቃለል የሚችል የለም። ነገር ግን አርብቶ አደሩ መንገዱ ካልተዘጋበት ከብቱን ይዞ ውኃ ወዳለበት ይሄዳል። የቡና ዛፍ አይሄድም። በጅማ ዞን ያሉት የጎማና የማና ወረዳዎች ገበሬ ኑሮውን ያሰረው ከተተከለ እስከ ሦስትና አራት ዓመት ፍሬ በማይሰጥ ዛፍ ላይ ነው። አረቢካ ደግሞ የሚመቸው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ እንደጨመረ ተለክቷል። በተራራ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት ወደ 150 ሜትር ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። አረንጓዴነት ከዚህ አያድንም። ተናጋሪው ውኃውን ሲቆጥር ሙቀቱን ረሳው።

አለመርሳቱን ያወቅሁት ከምሳ በኋላ ነው። ይኸው ሰው ተመልሶ ቆመና «ትንበያው እንደሚያሳየው በ2080 እዚህ ቡና የሚባል ነገር አይኖርም» አለ። ጠዋት ተጋላጭ ያልሆነችው ጅማ ከሰዓት ቡና አልባ ሆነች፤ በመካከል የበላነው ሽሮ ብቻ ነው።

«ትንበያ» የሚለው ቃልም ችግር አለበት፤ ውስጡ ነቢይ ተቀምጧል። ነገ ከሰዓት ይዘንባል የሚለው የሜትሮሎጂ ትንበያ የሚሆነውን ሊናገር ይሞክራል፤ ሲሳሳት ነገ ይታወቅበታል። የረጅም ዘመኑ የአየር ንብረት ስሌት ግን «ዓለም ይህን ያህል ጋዝ ከለቀቀ፣ ይህ ይከተላል» ይላል። «ከ» የምትለዋ ፊደል ከወደቀች ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ቡና ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ሁሉም የሚጠቅሰው ቁጥር ከእሱ ነው። አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ምንም ጉልህ እርምጃ ካልተወሰደ የሚለው አብሮት አለ፤ እሱን የሚጠቅስ ግን የለም። ቀጥሎ ደግሞ እርሻው ወደ ላይ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ወይም ቢተከል ለቡና የሚመቸው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል ይላል። ሁለቱም የአንድ ጥናት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ ለለቅሶ፣ ሌላው ለጭብጨባ ይመዘዛል።

ስለ አራት እጥፉም ቢሆን አፌን አልዘጋም። መሬቱ ይመቻል ማለት መሬቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሽቅብ 150 ሜትር ላይ ሌላ ገበሬ ገብስ ዘርቷል፣ ወይም ደን ቆሟል፣ ወይም ዳገቱ አፈር የለውም። ቡናው ይወጣ ይሆናል፤ ግማሽ ሔክታር ያለው ሰው ዋንዛውንና ብርብራውን፣ የአባቱን መቃብርና የውኃ መውረጃውን ተሸክሞ አይወጣም። ይኸው እንደገና ሸራው ጋ ደረስን።

ካነሣሁት አይቀር ስለ ካርታዎቹ ሣጥን አንድ ነገር ልበል፤ ማንም አልጠየቀኝም። የአየር ንብረትን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሞዴሎች መሬቱን በሣጥን በሣጥን ይከፋፍሉታል፤ ለአፍሪካ በብዛት በምንጠቀምባቸው ክልላዊ ሞዴሎች የአንዱ ሣጥን ጎን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የጠበቡም አሉ። ከጅማ እስከ አጋሮ ያለው መንገድ በአንድ ሣጥን ሊያልቅ ይችላል። ሞዴሉ ለዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቀው አንድ አማካይ ከፍታ ነው። ስለዚህ «ለቀበሌያችን የተሠራ ትንበያ» የሚል ነገር ሲቀርብላችሁ ሣጥኑ እንዴት እንደተከፋፈለ ጠይቁ። ሙቀት ላይ ሞዴሎቹ በአቅጣጫ ይስማማሉ፤ ዝናብ ላይ ግን በተለይ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ይጣላሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ለአሥርት ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ደግሞ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ሳይንቲስቶቹ የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ የሚል ስም ሰጥተውታል። እንቆቅልሽ የተባለን ነገር በሁለት የነጥብ ቁጥር ጽፎ ለወረዳ ማደል ድፍረት ነው።

ነጥብ ካልን ዘንድ፣ የተጋላጭነት መለኪያ የሚባለው 0.46 ወይም 0.52 ምን እንደሆነም ልንገራችሁ። ቤት ለቤት ይጠየቃል፤ መልሱ ከዜሮ እስከ አንድ ተደርጎ ይቀየራል፤ ክብደት ይሰጠዋል፤ ይደመራል። ክብደቱን የሚሰጠው አጥኚው ነው፤ ሲያፍር ለሁሉም እኩል ይሰጣል፣ እሱም ምርጫ ነው። ከዜሮ እስከ አንድ የሚቀየረው ደግሞ በአብዛኛው በዚያ ጥናት ውስጥ ካሉት ወረዳዎች ጋር እየተነጻጸረ ነው። የክፍል ደረጃ ማለት ነው፤ ሁሉም ጎበዝ በሆነበት ክፍልም አንዱ መጨረሻ ይወጣል። ስለዚህ የአንዱ ጥናት 0.46 ከሌላው ጥናት 0.46 ጋር ዝምድና የለውም። «ከዞኑ ሁሉ ተጋላጩ ወረዳ ይህ ነው» የሚለው ዜና ሲነበብ የሚሰማኝ ሕመም ከዚህ ነው።

ቁጥሩ የሚገነባበትን ጡብም አይቻለሁ። የምንጠይቀው «ሬዲዮ አለዎት?» እያልን ነው፤ ሬዲዮ ያለው ማስጠንቀቂያ ይሰማል ተብሎ ነጥብ ያገኛል። የባትሪ ድንጋይ ካለቀ ስንት ወር እንደሆነው የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ የለም። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ሰው ደግሞ «የገቢ ምንጩን አብዝቷል» ተብሎ አቅሙ ከፍ ይላል። የነቀለው ዕዳ ገፍቶት ይሁን አስቦበት ቅጹ አይለይም።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ በነበረው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት አሮጊት ቤት ቅጽ ስሞላ፣ «እናቴ፣ ሸራ አለዎት?» አልኋቸው።

«አለኝ እንጂ ልጄ» አሉኝ።

አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አልጋው ላይ የተሰጣው ቡና ግን ገላጣ ነው፤ ሰማዩም ከብዷል። የት እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«ታች ሰፈር ለቅሶ አለ። የእድሩ ድንኳን አልበቃ ቢል ሰጠኋቸው። ሦስት ቀን ነው፤ ይመልሱታል።»

«እስከዚያ ቢዘንብስ?»

«ለቀስተኛው ይመጣላ» አሉኝ፤ ያልገባኝ መስሏቸው አየት አደረጉኝ። «ሸራዬ እነሱ ዘንድ እንዳለ ያውቁ የለም ወይ? ተሸክመውት ይሮጣሉ።»

ይህ መልስ አዎ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እስካሁን አልወሰንሁም። ምልክቱን ሳልሰርዝ ከሣጥኑ ጎን በእርሳስ ጻፍሁት፤ ቅጹን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ልጅ የእርሳስ ጽሑፍ እንደማያስገባ እያወቅሁ።