«ሶኒክስ የሄዱት ተመልካች አጥተው ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ሲያትል ውስጥ በምናዘወትረው ቡና ቤት ቁጭ ብለናል። የጓደኛዬ ልጅ፣ በ2008 የኛን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሶኒክስን የወሰደችብንን የኦክላሆማ ሲቲን ማሊያ ለብሶ ገባ። ይልበስ፣ ምን ቸገረኝ። ግን ገና ማኪያቶው ሳይመጣለት «ሲያትል እኮ የቅርጫት ኳስ ከተማ አይደለችም፤ ሰው ስለማይገባላቸው ነው ቡድኑ ጥሎ የሄደው» አለ። የባሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች «እውነቱን ነው» ብለው ራሳቸውን መነቅነቃቸው ነው።

ደሜ ፈላ። እኔ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚህ ከተማ ታክሲ ነድቻለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ጨዋታ ያለ ማታ አዳራሹ ደጃፍ ተሰልፌ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ሰው አይገባም ነበር የሚለኝ፣ ያኔ ያልተወለደ ልጅ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን ላጽዳ።

አገር ቤት ስደውል «ዋሽንግተን አይደል ያለኸው? ዊዛርድስን ታያለህ?» ይሉኛል። አላይም! ዊዛርድስ የዋና ከተማዋ የዲሲ ቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። እኔ ያለሁት ዋሽንግተን ስቴት ነው፣ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠህ ፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል። ግን የሚያስቀው ነገር፣ ሁለቱ ዋሽንግተኖች ለዋንጫ ተገናኝተው ያውቃሉ፤ ያውም ሁለት ዓመት በተከታታይ። የዲሲዎቹ ያኔ ቡሌትስ ይባሉ ነበር። በ1978 እዚሁ ሲያትል ላይ በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ይዘው ሄዱ። በ1979 ሶኒክስ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 ብድሩን መለሰ። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው የት መሰላችሁ? ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ። የሜሪላንድ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ሰፈር ማለት ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ የኛዎቹ ዋንጫውን እዚያ ተቀበሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው እስካሁን አያምነኝም።

ስሙም ሌላ ጣጣ አለበት። ልጆች «ሶኒክ» ሲባል ሰማያዊው የቪዲዮ ጌሙ ጃርት ይመስላቸዋል። ጃርቱ የወጣው በ1991 ነው፤ ቡድኑ መጫወት የጀመረው በ1967። ሙሉ ስሙ ሱፐርሶኒክስ ነው፣ ከድምፅ የሚፈጥን እንደማለት። የሲያትሉ ቦይንግ ያኔ እንዲህ ያለ የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲሠራ ከመንግሥት ሥራውን አግኝቶ ነበር፣ ከተማውም በዚያ ሰክሯል። አውሮፕላኑ አንድ ቀን እንኳ ሳይበር ኮንግረስ በ1971 ገንዘቡን ከለከለና ቀረ። ስሙ ብቻ ለኳስ ቡድኑ ተረፈ።

«ዋንጫ የበሉት በፔይተንና በኬምፕ ጊዜ ነው» ለምትሉም፣ አይደለም። ጋሪ ፔይተንና ሾን ኬምፕ በ1996 ለፍጻሜ ደርሰዋል። 64 ጨዋታ ያሸነፈ አስፈሪ ቡድን ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ከፊቱ የቆመው 72 ያሸነፈው የጆርዳን ቺካጎ ነው። 3 ለ 0 ተመርተው ሁለት መለሱ፣ በስድስተኛው አለቀ። ፔይተን የሻምፒዮን ቀለበት ያጠለቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ማያሚ ሄዶ ነው። የ1979ኙ ዋንጫ የነዴኒስ ጆንሰን፣ የጋስ ዊሊያምስና የጃክ ሲክማ ነው፣ አሰልጣኙ ሌኒ ዊልከንስ። ዊልከንስ ቡድኑን የተረከበው አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ 5 አሸንፎ 17 ተሸንፎ ሳለ ነው። በዚያው ዓመት ለፍጻሜ አደረሰው! እንዲህ ያለውን ማንም አያወራም፣ ሁሉም ኬምፕ ዘሎ ኳሱን ቅርጫት ውስጥ ሲጠቀጥቅ ነው የሚያየው።

ኮሌጅ ሳይጨርሱ ኤንቢኤ፣ ማለትም ትልቁ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ መግባትን ያመጡት እነ ኮቢ ብራያንትና ኬቨን ጋርኔት ናቸው የሚለውም ስህተት ነው። በሩን የከፈተው የሲያትሉ ስፔንሰር ሄይውድ ነው። የሊጉ ደንብ አንድ ተጫዋች ሃይስኩል ከጨረሰ አራት ዓመት ሳይሞላው አይገባም ይል ነበር። የሶኒክስ ባለቤት የነበረው ሳም ሹልማን በ1970 ደንቡን ጥሶ ልጁን አስፈረመው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1971 ከዳኞቹ አንዱ፣ ዊሊያም ዳግላስ፣ ሄይውድ እንዲጫወት ፈቀደለት። ዛሬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሚሊየነር የሚሆን ልጅ ሁሉ ለዚህ ሰውዬ ቡና ቢጋብዘው ያንስበታል።

ኮከቡ ኬቨን ዱራንት ኦክላሆማ ነው የጀመረው? አይደለም። የመጀመሪያ ዓመቱን እዚህ ተጫውቶ፣ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የተባለውም በሲያትል ማሊያ ነው። ሶኒክስ ሁልጊዜ ሲያትል ውስጥ ነው የተጫወተው? በ1994-95 አዳራሹ ሲታደስ ዓመቱን ሙሉ ታኮማ ዶም ነበሩ፤ ለታክሲ የተባረከ ዓመት ነበር። ከሶኒክስ በፊት በዚህ ስቴት ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ አልነበረም? ከ1946 እስከ 1948 የፓስፊክ ዳር ሊግ ነበረ፤ ሲያትል ብቻ ሳትሆን ቤሊንግሃምና ያኪማም ቡድን ነበራቸው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ተመልካች አጥተው ነው»። እሺ። ኪንግዶም የሚባል በኮንክሪት ጣሪያ የተከደነ ግዙፍ ስታዲየም ነበረን። በ1978 ፍጻሜ አንዱን ጨዋታ ለማየት እዚያ ውስጥ የገባው ሰው ከ39 ሺህ በላይ ነው። ለቅርጫት ኳስ! ዛሬ ትልልቅ የሚባሉት የኤንቢኤ አዳራሾች 20 ሺህ ገደማ ነው የሚይዙት። ያንን እኔ አልደረስኩበትም፣ ሽማግሌዎቹ ደንበኞቼ ናቸው የነገሩኝ። እኔ የደረስኩበት የ1996ቱ ነው። ያን ሰሞን አንድ ሰው ጭኜ ከመሃል ከተማ አዳራሹ ድረስ፣ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ የማይፈጀውን መንገድ፣ አርባ ደቂቃ ነዳሁ። ሰውዬው ተበሳጭቶ መሃል መንገድ ላይ ወርዶ ሮጠ፤ ሂሳቡን ግን ከፍሎኛል፣ እግዜር ይስጠው።

ታዲያ ለምን ሄዱ? በአዳራሽ ገንዘብ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ኪ አሬና የሚባለው አዳራሽ በ1995 ታድሶ ተከፈተ። አሥር ዓመት ሳይቆይ «ጠበበን፣ ገቢው አይበቃንም» አሉ። ያኔ ቡድኑ በስታርባክሱ ሰውዬ በሃዋርድ ሹልትዝ በሚመሩ ባለሀብቶች እጅ ነው፤ በ2001 በ200 ሚሊዮን ዶላር ነው የገዙት። ከከተማውና ከስቴቱ የሕዝብ ገንዘብ ጠይቀው እምቢ ተባሉ። በ2006 ክሌይ ቤኔት ለሚባል የኦክላሆማ ሲቲ ባለሀብትና ለጓደኞቹ በ350 ሚሊዮን ሸጡት። አሁን አስቡት፤ የኦክላሆማ ሰው የሲያትልን ቡድን ይገዛል። ሻጮቹ «እዚሁ ለማቆየት ይሞክራል» አሉን። ሹልትዝ ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቻለሁ ብሏል፤ ምን ያደርጋል።

ቤኔት ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን ላይ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አዳራሽ ይሠራልኝ አለ፣ አብዛኛው በሕዝብ ታክስ። የስቴቱ ምክር ቤት በ2007 ሳያጸድቀው ቀረ። በዚያው ዓመት ከባለቤቶቹ አንዱ ኦብሪ ማክሌንደን ለኦክላሆማ ጋዜጣ፣ ቡድኑን የገዛነው ሲያትል ለማቆየት አይደለም ብሎ አፉን ከፈተ። ሊጉ 250 ሺህ ዶላር ቀጣው። የተቀጣው በመዋሸቱ አይደለም፣ እውነቱን በማውጣቱ ነው!

ይህ ሁሉ ሲሆን ቡድኑን ምን አደረጉት? ኮከባቸውን ሬይ አለንን ለቦስተን ሰጡ። ራሻርድ ሉዊስም ሄደ። በ2007-08 ከ82 ጨዋታ 20 ብቻ አሸነፉ። አዎ፣ ያን ዓመት ወንበሩ ሳስቶ ነበር፣ አልክድም፤ የታክሲው ሰልፍም አጥሮ ነበር። ግን ሬስቶራንት ገዝተህ፣ ምግብ አብሳዩን አባረህ፣ በሩ ላይ «ልንዘጋ ነው» ብለህ ጽፈህ፣ ከዚያ ደንበኛ የለኝም ትላለህ?

ሐቁን ሁሉ ልናገር ካልኩ፣ የሲያትል ሕዝብም በ2006 መገባደጃ ድምፅ ሰጥቷል። ለስፖርት ቡድኖች የሕዝብ ገንዘብ እንዲሁ አይሰጥም የሚለውን ሕግ ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ ደግፎታል። ልጁ ይህን ነው የሚያምታታው። ሰው ጨዋታውን አልጠላም፤ የአዳራሹን ሂሳብ አልከፍልም ነው ያለው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ከተማው የኪራይ ውላችሁ እስከ 2010 ነው ብሎ ከሰሰ። ሐምሌ መግቢያ 2008 ላይ በ45 ሚሊዮን ዶላር ታረቁና ቡድኑ ተሸኘ።

የመጨረሻውን ማታ አስታውሳለሁ። ሚያዝያ ወር ነበር፤ ዳላስን 99 ለ 95 አሸነፉ። ሰው «ሶኒክስን አድኑልን» እያለ ሲጮህ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ፈርስት አቬኑ ኖርዝ ላይ አንድ ጎልማሳ ከሴት ልጁ ጋር ገባልኝ። ልጅቷ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቷ ነው። እሷ አላለቀሰችም፣ አባትየው ነው ያለቀሰው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ባላርድ እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣውም። ሲወርዱ ከስፖንጅ የተሠራ ትልቅ አረንጓዴ ጣት ኋላ ወንበር ላይ ረስተው ሄዱ። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ፣ ቀይ ብቻ የጎደለው ባንዲራ። (ለጥቂት ዓመታትማ ማሊያው ላይ ቀይም ተጨምሮ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ጃኬት የለበሰ ሐበሻ ሳይ ለኳሱ ይሁን ለአገሩ አይገባኝም።) ያ ጣት እስካሁን ጋራዤ ውስጥ ተሰቅሏል። ተመልካች አልነበረም ለሚለኝ እሱን ነው የማሳየው።

«ኦክላሆማ ሁሉንም ወሰደ» የሚለውም ልክ አይደለም። በስምምነቱ ስሙና ቀለሙ ለሲያትል ቀርቷል፤ ለዚህ ነው እነሱ ተንደር የሚባል ስም ያወጡት። በ2025 ሲያሸንፉ ይኸው ልጅ «ሁለተኛ ዋንጫችን ነው» አለኝ። በሊጉ መዝገብ አዎ ሊሉት ይችላሉ፤ ግን የ1979ኙን ባነር እነሱ ራሳቸው አዳራሻቸው ውስጥ አልሰቀሉትም።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ፦ «ሲያትል ከ1979 ወዲህ ዋንጫ አይታ አታውቅም»። የሴቶቹስ? ሲያትል ስቶርም በ2004፣ በ2010፣ በ2018 እና በ2020 አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ሱ በርድ ከ2002 ጀምራ ጫማዋን እስከሰቀለችበት እስከ 2022 ሌላ ክለብ አልቀየረችም። ስቶርምም ከሶኒክስ ጋር ተሽጦ ነበር። አራት የሲያትል ሴቶች በ2008 በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው አስቀሩት። ባይገዙት ኖሮ እሱም ኦክላሆማ ሊሆን ይችል ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁ ቅርጫት ኳስ ከወደደ ስቶርምን አሳዩት። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ። መኪና ይዛችሁ ግን አትሂዱ፣ በእናታችሁ! አዳራሹ አጠገብ ያለውን የመርሰር ጎዳና ትራፊክ ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሰው ነው የሚነግራችሁ። ባቡር ይዛችሁ ዌስትሌክ ጣቢያ ውረዱ፣ ከዚያ ሞኖሬሉን፣ ባለ አንድ ሐዲዱን ባቡር ያዙ። የ1962 ነው፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያደርሳችኋል፣ ልጆችም ይወዱታል። ድሮ ኪ አሬና የነበረው አዳራሽ አዲስ ነው ይላሉ፤ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፣ እሱም የ1962ቱ ነው። ከሥሩ ቆፍረው ነው አዲሱን የሠሩት፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው፣ ያውም በግል ገንዘብ። ለካ ይቻል ነበር።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ማኪያቶውን ጨረሰና «እሺ ጋሼ፣ ታክሱን ብትከፍሉ ኖሮ ግን አይቀሩም ነበር?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመሰገንኩት። ይቀሩ ነበር ይሆናል። ግን ያ 39 ሺህ ሰው የገባበት ኪንግዶም በ2000 በፈንጂ ሲፈርስ ዕዳው ገና አላለቀም ነበር። ካውንቲው ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ነው። የሌለ ስታዲየም አሥራ አምስት ዓመት ሲከፈልበት ያየ ሰው፣ ሌላ ግማሽ ቢሊዮን ሲጠየቅ ምን ይበል?